ውሃው እስከ ጉልበቴ ነው ያልኩ ቀን

ከውሸታም ሁሉ የከፋው የሰው ዓይን ነው። ምላስ ሲዋሽ ጆሮ ይጠረጥራል፤ ዓይን ሲዋሽ ግን ማን ይጠርጥረው? «በዓይኔ በብረቱ አየሁት» ብሎ የሚምል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ያየኸው ደረቅ ላይ ነው ወይስ ውሃ ውስጥ ብላችሁ ጠይቁት። ውሃ ውስጥ ካላችሁ፣ ምስክርነቱን ትታችሁ ወደ ቤታችሁ ሂዱ።

ይህን በግምት አልናገርም። ሳይንስ ነው። ሳይንሱን ደግሞ ማንም አላስተማረኝም፤ አስተማሪውም ተማሪውም እኔው ነበርኩ፣ ሁለቱም ጎበዞች።

በደርግ ጊዜ ነው። ብልባላ ገበያ አንድ ባለ ሱቅ ከሳይንስ መጽሐፍ ላይ እየገነጠለ ስኳር ሲጠቀልል አገኘሁትና የተረፈውን ከእጁ አስጣልኩት። ሽፋን የለው፣ መጨረሻ የለው። ሌላ ሰው ቢሆን ግማሽ መጽሐፍ ምን ሊረባኝ ይል ነበር። እኔ ግን፣ ሙሉ አንብበው ግማሽ የሚያውቁ በሞሉበት አገር፣ ግማሽ አንብቤ ሙሉ የማውቅ ሰው ነኝ።

የመጨረሻው ገጽ ስለ ብርሃን ነበር። ብርሃን ከአየር ወደ ውሃ ሲገባ አቅጣጫውን ይለውጣል፣ ይሰበራል ይላል። ለዚህ ነው ውሃ ውስጥ የገባ ዱላ የተሰበረ የሚመስለው። ከዚያ፣ «የውሃም ጥልቀት ከላይ ሲያዩት ከእውነተኛው ጥልቀቱ ይልቅ...» ብሎ ያቆማል። ቀሪው ከአንዱ ሰው ስኳር ጋር ሄዷል። አልተጨነቅሁም፤ ራሴ ጨረስኩት። የላስታ ሰው ገደል ይወጣል እንጂ ዋና አያውቅም፤ ስለዚህ ውሃ ይፈራል። የፈሩት ነገር ደግሞ ገዝፎ ይታያል። እንግዲያው ጥልቀቱ ከእውነተኛው ይልቅ በዝቶ ይታያል ማለት ነው። እናንተስ ብትሆኑ ከዚህ የተሻለ ምን ትሉ ነበር?

አሁን ወደ ማኅተሙ ልውሰዳችሁ። በዚያ ዘመን ሰው ከቀዬው ርቆ ሲሄድ የገበሬ ማኅበሩ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ያስፈልገዋል። ወረቀት የሌለው ከኬላ ይመለሳል። የእኛ ሊቀመንበር ማኅተሙን ለማንም ስለማያምን በክር አስሮ፣ አንገቱ ላይ ከማተቡ ጎን ያንጠለጥለው ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ውሃ ልቀዳ ወጣሁ። የመጠጥ ውሃችን የሚጠራቀመው አባቶቻችን ከዓለት በፈለፈሉት ገንዳ ነው፤ ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ ውሃው እንደ መስተዋት። እዚያ ሊቀመንበሩንና አልጋነሽን አገኘኋቸው። አልጋነሽ ጎረቤቴ ናት፤ በመሠረተ ትምህርት እኔው ነበርኩ የማስተምራት፣ ያቺን የተቆረጠች ገጽ ሳነብላቸው እንኳ ከኋላ ተቀምጣ የምታንጎላጅ ተማሪ። ወልዲያ የተዳረች ልጇ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ነው፤ ቀኗ ደርሷል። የበኩር ምጥ ያለ እናት አይሆንም። በገበያ ቀን ብልባላ የምትመጣው አንዲት የጭነት መኪና ደግሞ ያን ቀን እኩለ ቀን ላይ ትነሳለች። ወረቀቱ ተጽፏል፤ የቀረው ማኅተሙ ብቻ ነው።

ሊቀመንበሩ «ቆይ፣ አንድ ጊዜ ጉሮሮዬን ላርጥብ» ብሎ ወደ ገንዳው አጎነበሰ። ክሩ ተበጠሰ። ማተቡ ቀረ፣ ማኅተሙ ገባ።

ሦስታችንም ወደ ታች አየን። ማኅተሙ ከነክሩ እታች ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። አልጋነሽ እጇን ልትሰድ ስትል ያዝኳት።

«ተይ እቱ። የምታዪው ማኅተም እዚያ የለም።»

«ታዲያ የት ሄደ?»

«እዚያው ነው። ግን እዚያ አይደለም።»

ሊቀመንበሩ ቀና ብሎ አየኝ። «አያ ደምሴ፣ ዛሬ ከጠዋቱ ጀመሩት እንዴ?»

«ሳይንስ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ብርሃኑ ተሰብሯል።»

«የሚሰበረውስ የእኔ አንገት ነው፣ አውራጃ ከሰማ» አለ።

ቀጥ ያለውን ዘንጌን አነሳሁ። ማኅተሙ ከሚታይበት አንድ ክንድ ወዲያ አነጣጠርኩና፣ ዓይን ዋሾ ስለሆነ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ወጋሁ። ዓለት። ሁለት ክንድ ወዲያ ወጋሁ። አሁንም ዓለት።

«ወዲህ ነው እኮ ያለው፣ አያ ደምሴ» አለች አልጋነሽ።

«ወዲህ ይመስልሻል።»

ከታች ከብልባላ የመኪናዋ ጡሩምባ ተሰማ። የመጀመሪያው ጡሩምባ ተሳፋሪ ለመጥራት ነው፤ ሁለተኛው ለመሄድ። ነገሩን መቁረጥ ነበረብኝ። ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ጠቀለልኩ።

«ሕጉስ?» አለ ሊቀመንበሩ። ከመጠጡ ገንዳ የገባ ሰው ውሃውን ብቻውን ጨልፎ ጨርሶ፣ ገንዳውን ፈትጎ ያጥባል፤ ከአባቶቻችን የወረስነው ሕግ ነው።

«ለእናንተ ወገብ የሚደርስ ይመስላችኋል» አልኩ። «እውነቱ ጉልበት ነው። ለአንድ ጉልበት ሕግ አይጠቀስም።»

ገባሁ።

መጽሐፉ ጥልቀት ላይ ሲደርስ እንዳቆመ፣ እኔም ውሃው አገጬ ላይ ሲደርስ አቆምኩ። ሱሪዬ ግን፣ ልብ በሉ፣ እንደተጠቀለለ ነበር። አልጋነሽ ለፍየሎቿ ቅርንጫፍ የምትስብበትን ቆልማማ ዱላዋን ከኮቴ ኮሌታ አስገብታ ጎተተች፣ ሊቀመንበሩ በብብቴ ያዘኝ።

«ምነው እንዲህ ከበዱ?» አለች።

«እውቀት ነው» አልኳት።

ስወጣ ገንዳው ደፈረሰ። ማኅተሙ ጠፋ። ፀሐይዋ ወደ አናት እየወጣች ነው። አልጋነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ከገንዳው ጠርዝ ተቀመጠች። አልተቆጣችኝም፣ አልሰደበችኝም።

«ብቻዋን ልታምጥ ነው» አለች ቀስ ብላ። ለእኔ አልነበረም የተናገረችው። ያን ጊዜ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስለ ብርሃን የማውቀው ሁሉ ከልብሴ ጋር ረጠበ።

ውሃው እስኪጠራ ጠበቅን። ጭቃው ሲረጋ መጀመሪያ ክሩ ታየ። አልጋነሽ ተነስታ ቆልማማ ዱላዋን ቀስ ብላ እስከ ታች ሰደደችው። ዱላው ከውሃው ፊት ላይ ስብር አለ።

«ተሰበረ፤ አየሽ?» አልኳት ጥርሴ እየተንገጫገጨ።

«ይሰበራ» አለች። እላይ ያለውን ዱላም፣ እኔንም አላየችም። ዓይኗ ከታች ቆልማማዋ ጫፍና ክሩ ላይ ነው። ጫፏን እያየች ወደ ክሩ ገፋ፣ ገፋ አደረገችው። ያዘ። አወጣችው።

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ መታው። ማኅተሙ እርጥብ ስለነበር ቀለሙ ትንሽ ፈሰሰ፤ እፍ ብሎ ሰጣት። ቁልቁለቱን ስትወርድ ሁለተኛው ጡሩምባ ጮኸ። ቆመን ስናይ ሹፌሩ ነጠላዋን እያውለበለበች የምትሮጥ ሴት አይቶ ኖሮ መኪናዋ ቆመች።

እኔ? እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ገንዳ ጨለፍኩ፣ ፈተግኩ። ሰው መጥቶ «ስንት ጉልበት ሆነ?» ይለኛል። ግን የእኔ ጭንቅላት ቅጣት ላይም አያርፍም። ከታች በቀረው ውሃ ውስጥ ዘንጌን ከአንዲት ጠጠር አጠገብ ሰድጄ አየሁ። ነገሩ ገባኝ። ዱላውም ጠጠሩም አንድ ውሃ ውስጥ ናቸው፤ ውሃው ሁለቱንም እኩል ያታልላቸዋል፣ ስለዚህ አይተላለፉም። የሚሳሳተው ከደረቅ ላይ ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያሰላው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ካወቃችሁ ንገሩት።

አልጋነሽ የልጅ ልጇን ተቀብላ፣ አራሷን አጠንክራ ተመለሰች። ከምጡ አንድ ቀን ቀድማ ነበር የደረሰችው። ትምህርት ቤት መጥታ፣ እንደ ልማዷ ከኋላ ሳይሆን ከፊት ተቀመጠች።

«አያ ደምሴ፣ የዚያች ገጽ መጨረሻዋ ተገኘች?»

«ተገኘች» አልኩና መጽሐፉን ሰጠኋት። የጎደለውን በእርሳስ ጽፌበት ነበር። በጣቷ እየተከተለች፣ ፊደል በፊደል አነበበች፤ ሳትንተባተብ ስታነብ ያን ቀን ገና መስማቴ ነው።

«...ከእውነተኛው ጥልቀቱ ይልቅ አንሶ ይታያል። ደምሴ ገብቶ አረጋግጧል።»

ጣቷን ሳታነሳ ቀና አለች።

«ተጎትቶ ወጣ የሚለውስ የቱ ጋ ነው?»

«ቦታ አልበቃም» አልኳት።