ፊደል የቆጠረው ኮምፒውተር

በጎንደር ከተማ፣ ስሙን ብንጠራው ትሕትናው የሚነካበት አንድ የተከበረ ጽሕፈት ቤት አለ። ይህ ጽሕፈት ቤት ባለጉዳይን ከመመላለስ ለማዳን ሲል የወሰናቸውን ውሳኔዎች ሁሉ ድረ ገጽ ላይ አስቀምጦ መፈለጊያ አበጀላቸው። መፈለጊያው አንዲት ትንሽ ጉድለት ብቻ ነበረችበት፤ በአማርኛ ሲጠይቁት ምንም አያገኝም። ለሀብታሙም ለድሃውም እኩል «አልተገኘም» ይላል። እንዲህ ያለ ፍትሕ ከየት ይመጣል!

የኮምፒውተር ባለሙያው ቻላቸው ግን ፍትሑን አልወደደውም። የኮሶዬዋ እማዋይሽ አንጀቱን በልታዋለች። መንገድ ዳር ምግብ ቤት ልክፈት ብላ ካመለከተች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ማመልከቻዋ የገባበት ጠፍቶ፣ አሁን ደግሞ «ድረ ገጹ ላይ ፈልጊ» ተብላለች። ቻላቸው ወደ ኃላፊው ወደ አቶ ማንያዘዋል ገባ።

«መፈለጊያው የተስተካከለው ለፈረንጅ ፊደል ብቻ ነው። የእኛንም እንዲያነብ አንዲት መስመር መለወጥ ይበቃል።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«አምስት ደቂቃ።»

አቶ ማንያዘዋል ከልባቸው አዘኑለት። «ልጅ ቻላቸው፣ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ በዕቅዳችን ውስጥ የለም።»

ጉዳዩ ለኮሚቴ ተመራ። ኮሚቴው ዘጠኝ ጊዜ ተሰብስቦ ችግሩን ከነሥሩ አገኘው፦ ኮምፒውተሩ ፊደል አልቆጠረም። ጎንደር ተቀምጦ ፊደል አለመቁጠር ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ የኔታ ወልደኢየሱስ በደብዳቤ ተጠሩ። የተማሪው ልብ እንዳይሰረቅም ከእሳቸውና ከረዳታቸው በቀር ማንም ወደ ኮምፒውተሩ ክፍል ዝር እንዳይል ታዘዘ። ረዳት ሆኖ የተመደበው ቻላቸው ነበር።

የኔታ ገበታውን ዘርግተው፣ «ሀ በል!» አሉ።

ኮምፒውተሩ እዝዝዝ አለ።

«ምነው ልጄ፣ ይኼ ያጉረመርማል እንጂ አይመልስም።»

«ማራገቢያው ነው፣ የኔታ።»

«ለመሆኑ ጆሮ አለው?»

«የለውም።»

የኔታ ሣቃቸው አመለጣቸው። «ታዲያ እኔ ለማን ነው የምጮኸው? አንተ የምታውቀው መላ ካለ አድርገው፤ እኔ እስክትጨርስ ዳዊቴን እደግማለሁ።»

ቻላቸው በሩን ገርበብ አድርጎ መስመሯን ለወጠ፤ ያለ ኮሚቴ የተሠራ ሥራ ከእንጀራ እንደሚያፈናቅል ያውቃል። ከዚያ መፈለጊያው መዝገቡን ሁሉ እንደ አዲስ እንዲያነብ አዘዘው። የኔታ መዝሙራቸውን ሳያገባድዱ ነገሩ አለቀ።

ኮምፒውተሩ ፊደል ቆጠረ ተብሎ በተመረቀበት ዕለት አዳራሹ በእንግዳ ሞላ። አቶ ማንያዘዋል «መሃይምነትን ከማሽን ጀምረን አጥፍተናል!» ብለው አስጨበጨቡ። ከዚያም ቸርነታቸው ገንፍሎ እማዋይሽን ወደ ፊት ጠሩና ስሟን መፈለጊያው ላይ በገዛ እጃቸው ጻፉ። መልሱ ግድግዳው ላይ በትልልቁ ወጣ፦ «ለወይዘሮ እማዋይሽ የምግብ ቤት ፈቃድ ተሰጥቷል። ይነገራቸው።» ቀኑ ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ፊርማው የአቶ ማንያዘዋል።

«ምን ይላል?» አለች እማዋይሽ።

ቻላቸው ጮክ ብሎ አነበበላት።

«ምነው አያ ማንያዘዋል» አለች፣ «ያን ሁሉ ጊዜ ፊትዎ ስገተር ይችን መንገር ከበደዎ? ነግረውኝ ቢሆን ኖሮ ይኸኔ ሸጋ ምሳ ባበላሁዎ ነበር።»

እንግዳው በሣቅ ፈረሰ። እንዲያ እየተሣቀ እምቢ የሚባል ነገር ስለሌለ፣ እማዋይሽ ፈቃዷን በማኅተም አስመትታ እልል እያለች ወጣች። ቻላቸውም በደስታ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

በማግስቱ ከኃላፊው ቢሮ የዝውውር ደብዳቤ ወጣ። ቻላቸው «አለቀልኝ» ብሎ ከፈተው። የተጻፈው ግን ለእሱ አልነበረም፤ ኮምፒውተሩ ላሳየው ትጋት ተመስግኖ፣ ለላቀ ኃላፊነት ወደ ሩቁ አዲ አርቃይ ተዛውሯል ይላል። በምትኩ ሌላ እንዲገዛም ጨረታ ተለጠፈ፤ የመጀመሪያው መስፈርት ፊደል ያልቆጠረ መሆኑ ነበር።