ሽማግሌ ያልላከው ተወዳዳሪ

በዚህ አገር ውድድር የሚባል ነገር የለም! ያለው ሽምግልና ነው። ሩጫም ይሁን ጨረታ፣ ፈተናም ይሁን ቅጥር፣ አንደኛ የሚወጣው ደህና ሽማግሌ የላከ ነው። «ኧረ አታጋንኚ!» የምትሉኝ ካላችሁ እስቲ ታገሱኝና በዚያ ቅዳሜ ሮቤ ላይ፣ እኔ ቤት፣ የሆነውን ስሙ።

መጀመሪያ በቦታው የነበርነውን ልንገራችሁ፤ ኋላ «እኔ አልነበርኩም» ብሎ የሚክድ አይጠፋማ። የቤቱ ባለቤት እኔ አለሁ። ልጄ ሀያት አለች፤ የውድድሩ አዘጋጅ እሷ ናት። ጋሽ ታደሰ አሉ፤ ድሮ የትምህርት ቤቱን የድራማ ክበብ ይመሩ የነበሩ ጡረተኛ አስተማሪ፣ አሁን ዳኛ። አቶ ገመቹ ከባህል ቢሮ፣ እሳቸውም ዳኛ። ከዚያ ደግሞ ሳይጠሩ ከጎባ የመጡ ሦስት ሽማግሌዎች፦ መሪያቸው ሐጂ አማን፣ ቀጥሎ አባባ ወርቁ፣ ሦስተኛው ከመጡ እስኪሄዱ አንዲት ቃል ያልወጣቸው፣ ስማቸውን እስከ ዛሬ የማላውቀው ሰውዬ። ኔትወርክም ነበረ። ኔትወርክን ከሰው ጋር የቆጠርኩት ወድጄ አይደለም፤ በኛ ሰፈር ኔትወርክ ሲመጣ እንደ ክብር እንግዳ ጎረቤት ይጠራራል!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሀያት ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ቤት ተቀምጣለች። ሥራ ልትጠይቅ በሄደችበት ሁሉ «ማን ላከሽ?» ይሏታል። «ማንም አልላከኝም» ስትል «እንግዲያው እንደውልልሻለን» ይሏታል። ስልኩ እስካሁን እየተደወለ ነው... መንገድ ላይ መሆን አለበት። በመጨረሻ መረራትና በራሷ አንድ ነገር ጀመረች። በስልካቸው ፊልም ለሚቀርጹ የባሌ ልጆች በፌስቡክ ውድድር አወጣች። ፊልሙ ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም፤ ርዕሱ «ሰፈሬ» ነው። ሽልማቱ ካሜራ፤ ፎቶ ቤት ያለው ወንድሜ የሰጣት። ከላይ በትልቁ የጻፈችው ደግሞ ይህን ነው፦ «ዘመድ አያስፈልግም፤ ፊልምህ ይናገርልህ።»

እኔ ይህን ሳነብ እንቅልፌ ጠፋ። ትምህርቴን ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ኢንተርኔት ምን እንደሆነ በደንብ አላውቅም፤ መንግሥት ምን እንደሆነ ግን አውቃለሁ። ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር! ለልጄ ሳልነግር ባህል ቢሮ ሄድኩና «ልጄ ፊልም ልታወዳድር ነው፤ ምንም ክፉ ነገር የለበትም» ብዬ አስታወቅሁ። «ክፉ ነገር የለበትም» ተብሎለት የማይጠረጥር ቢሮ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በማግሥቱ አቶ ገመቹ ደብተራቸውን ይዘው ዳኛ ሆነው መጡ።

አቶ ገመቹ ክፉ ሰው አይደሉም። ችግራቸው አንድ ነው፤ በሁሉም ፊልም ውስጥ ልማት ይፈልጋሉ። አንዱ ልጅ የጋሪ ፈረስ ብቻውን ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚያሳይ ልኮ ነበር። ሁላችንም ወደድነው። አቶ ገመቹ ግን መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው፣

«ፈረሱ ጥሩ ነው፤ ግን የሚረግጠው ጭቃ ነው። ኮብልስቶን ላይ ቢሄድ ምን ነበረበት?» አሉ።

«አቶ ገመቹ፣ ሰፈሩ ኮብልስቶን የለውም እኮ!» አለች ሀያት።

«እሱን ፊልሙ ማሳየት አልነበረበትም።»

እንዲህ እየተባባልን ሳለ ነው በሩ የተንኳኳው። ስከፍተው ሦስት ሽማግሌ፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«አሰላሙ አለይኩም። አካም ጅርታ፣ ሃዳ ሀያት?» አሉ ሐጂ አማን። በኛ አገር እናት በልጇ ስም ነው የምትጠራው።

«ወአለይኩም ሰላም! ግቡ፣ ግቡ... ተቀመጡ!»

ገቡ። ግን አልተቀመጡም።

«አንቀመጥም» አሉ ሐጂ። «ለጉዳይ ነው የመጣነው። እሺ ካላልሽን ቆመን እናድራለን።»

እናንተዬ! ሦስት ሽማግሌ፣ ያላገባች ልጅ ያለችበት ቤት መጥተው «አንቀመጥም» ሲሉ ምን ትረዳላችሁ? ንገሩኝ! እኔም የተረዳሁት ያንኑ ነው። አባቷ ካረፈ ወዲህ ይህን ቀን ስፈራውም ስመኘውም ነበር። በአንድ ጊዜ ስንት ነገር አሰብኩ መሰላችሁ... ጎባ ብርድ ነው፤ ልጄ ደግሞ ትንሽ ከበረዳት ሳል አይለቃትም። ግን ቅርብ ነው፤ በሚኒባስ ሄጄ አይቻት ለምሳ እመለሳለሁ...

«ልጁ የማን ነው?» አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«የእህቴ ልጅ ነው፣ ጀማል።»

«ይሰግዳል?»

ሐጂ ገረማቸው መሰለኝ፣ ቅንድባቸው ወደ ላይ ወጣ። «አምስቱንም! ምነው?»

«ጠባዩስ?»

«በግ ነው። ይሄ ነገር ካልሆነልኝ ብሎ ይኸው እህል ካስጠላው ሰነበተ።»

ምስኪን! አንጀቴን በላው። በልጄ የተነሳ ሰው እህል ሲተው ዝም ልበል? «እንግዲህ የአላህ ፈቃድ ከሆነ እኔ ማን ነኝ! እሺ ብያለሁ። ተቀመጡ!» አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ተመራርቀው ተቀመጡ። ከኮምፒውተሩ ኋላ የሀያት ጭንቅላት ብቅ አለ።

«እማዬ! ምኑን ነው እሺ ያልሽው?»

«ፊልሙን ነዋ!» አሉ ሐጂ አማን ደስ ብሏቸው። «የጀማልን ፊልም! ረዘመ ብላችሁ የጣላችሁትን!»

እኔም ተቀመጥኩ። አልዋሻችሁም፣ ግማሹ እፎይታ ነበር። ግማሹ ግን... ተዉት።

ሐጂ ጉዳዩን አስረዱ። የጀማል ፊልም አምስት ደቂቃ ነው። ሕጉ ሦስት ይላል። ነገር ግን ፊልሙ ውስጥ ጀማል በገብስ ማሳ መካከል ወደ ፍቅረኛው ይሮጣል፤ ሩጫው ደግሞ በቀስታ እንዲታይ ተደርጓል።

«ልጁ በራሱ ፍጥነት ቢሮጥ ሦስት ደቂቃም አይሞላም ነበር» አሉ ሐጂ። «ያዘገየው ኮምፒውተሩ ነው። ኮምፒውተር ባጠፋ ሰው ይቀጣል?»

«ከባድ ነጥብ ነው» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ሐጂ፣ ሕግ እኮ ነው» አለች ሀያት።

አባባ ወርቁ ሳቅ አሉ። «ልጄ፣ ሕግማ ለማይተዋወቅ ሰው ነው።»

ሀያት እጄን ይዛ ወደ ጓዳ ጎተተችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «እማዬ፣ ይሄ ከተሰማ አለቀልኝ። ዘመድ አያስፈልግም ብዬ የጠራኋቸው ልጆች ምን ይሉኛል? እኔን 'ማን ላከሽ' እያሉ ሲመልሱኝ ከርመው፣ እኔም ያንኑ ላድርግ?»

«ቃሌንስ ምን ላድርገው፣ የኔ ልጅ? ለሽማግሌ የተሰጠ ቃል ነው! ዛሬ ባጥፈው ነገ ቀብሬ ላይ ማን ይቆማል?»

አያችሁ፣ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። እሷ ስሟ፣ እኔ ቃሌ፤ ሁለታችንም ጓዳ ውስጥ ተያይዘን ቆመናል። ከዚያ ሀያት እንባዋን በነጠላዬ ጫፍ ጠረገችና ወጣች። እኔ ደነገጥኩ፤ ልጄ ዝም ስትል ነው የምፈራት።

«ሐጂ» አለች፣ «የእናቴ ቃል አይታጠፍም። ጀማል ገብቷል።»

«ጋሪዳ! ጥሩ ነው! ተባረኪ፣ ኢንተላ፣ ልጄ!» አሉ ሐጂ።

«ግን ሽማግሌ ከገባ አይቀር እስከ መጨረሻው ይግባ። እናንተም ዳኛ ሁኑልን። ሁሉንም ፊልም አይታችሁ፣ ሳታዳሉ ፍረዱ። መቼም ሽማግሌ አያዳላም... ያዳላል እንዴ?»

«አዑዙ ቢላህ!» አሉ ሐጂ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። አሉና በገዛ አፋቸው ታሰሩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እኔ ሮጬ የታጠቅሁትን ልጄ ቀስ ብላ ፈታችው!

የጀማል ፊልም ተከፈተ። ገብሱ ያምራል፤ እውነቱን ልናገር። ጀማል አንድ እግሩን አነሳ። ጠበቅን። አወረደው። ሌላውን አነሳ። ልጅቱ ከማዶ ፀጉሯን ትነሰንሳለች፤ ፀጉሩም አየር ላይ ቀረ።

«መቼ ነው የሚደርሰው?» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ገብሱ በኩታ ገጠም ነው የተዘራው?» አሉ አቶ ገመቹ።

ከሐጂ በኩል ድምፅ ጠፋ። ዞር ብዬ ባይ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ነው፤ ተኝተዋል! የእህታቸው ልጅ እየሮጠ ሳለ እሳቸው እንቅልፍ ላይ ደርሰዋል።

ከዚያ ከሪራ የመጣው ተከፈተ። ከድር የሚባል ልጅ የላከው ነው፤ ከስሙና ከስልክ ቁጥሩ በቀር ምንም አልጻፈም። ሪራ እንደምታውቁት ጫካ ውስጥ ናት፤ ፊልሙ ላይ ኔትወርክ የሚገኘው ዛፍ ጫፍ ላይ ነው። ከድር የሰፈሩን ሰው ስልክ ሁሉ በከረጢት አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይወጣል። በአንድ እጁ ቅርንጫፍ፣ በአንድ እጁ የሚቀርጽበት ስልክ... ወላሂ፣ ገና ሲጀምር ወንበሬን ጨብጬ ያዝኩ! ከታች የሰፈሩ ሰው አንጋጦ ያያል። ልጁ ወጣ ሲል ከረጢቱ ውስጥ ያሉት ስልኮች አንድ ባንድ መጮህ ይጀምራሉ። እሱም መልእክቱን እያነበበ ወደ ታች ይጣራል፤

«ኦቦ ቃሲም! ሚስትህ 'ጨው ሳትይዝ እንዳትመጣ' ብላለች!»

ሰፈሩ በሙሉ ይስቃል። ኦቦ ቃሲም ይሽኮረመማል።

«አዴ ሎሚ! ልጅሽ ጽፏል! ደህና ገብቻለሁ ይላል!»

አንዲት አሮጊት እጃቸውን ወደ ሰማይ ይዘረጋሉ። እኔ እዚህ አለቀስኩ። ከታች ደግሞ ሌላው «የኔስ? የኔስ?» ይላል። «ያንተ ገና አልገባም!» «እስቲ አንድ ቅርንጫፍ ጨምር!» ልጁ ይጨምራል። «አንድ ብቻ ጨምር!» ሰዎቹ ከታች እንደ ጉንዳን አነሱ።

ሐጂ አማን ነቅተው ተነሥተው ቆመዋል። «ኧረ ተው! አንተ ልጅ፣ ያዝ! ጠበቅ አርገህ ያዝ!» ይላሉ ለኮምፒውተሩ።

ከዚያ... ቅጠል። ሰማይ። ቅጠል። ሰማይ። ጨለማ። አለቀ!

መጀመሪያ የተናገሩት ጋሽ ታደሰ ናቸው።

«ይህ ጥልቅ ነው» አሉ። «ሰው ከፍ ባለ ቁጥር ከመሬቱ ይለያል። ጨለማው የብቸኝነት ምሳሌ ነው።»

«እኔ መሠረተ ልማትን የሚተች መስሎኝ ሰግቼ ነበር» አሉ አቶ ገመቹ እየጻፉ። «ነገር ግን ልጁ ከታች ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ይሄ እድገት ነው። ልማታዊ ነው!»

«ልጁ ወድቋል!» አልኩ።

«ሃዳ ሀያት፣ ኪነ ጥበብ እኮ ነው» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ኪነ ጥበብ አይወድቅም እንዴ?»

«እማዬ፣ ቢወድቅ ፊልሙን ማን ይልከው ነበር?» አለች ሀያት።

«ስልኩን ያነሳው ሰው ነዋ!»

ሐጂ አማን ቀስ ብለው ተቀመጡ። «በአላህ ፊት ሳላዳላ እፈርዳለሁ ብያለሁ። አንደኛ ይሄ ልጅ ነው» አሉ።

«ጀማልስ?» አሉ አባባ ወርቁ በሹክሹክታ።

«ጀማል ገና እየሮጠ ነው። ሲደርስ ይነገረዋል።»

ሦስተኛው ሰውዬ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ፍርዱ ጸደቀ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ሀያት ወዲያው ለከድር ደወለች፤ የደወሉላቸው ደንበኛ አይገኙም። በማግሥቱም አይገኙም። አሸናፊነቱን ፌስቡክ ላይ አወጣችው፤ እሱ ግን ብቅ አላለም። ይኸው አሁን ታዲያ ሰዉ ከሥር መጻፍ ጀምሯል። «ከድር የሚባል ሰው የለም፤ ካሜራውን ለራሳቸው ሊያስቀሩ ነው» ይላል አንዱ። «አለ፤ የአጎቷ ልጅ ነው» ይላል ሌላው። ዘመድ የሌለው ቢያሸንፍ ዘመድ ፈጠሩለት! ልጄ እየከሳች ነው። ከሾፌር በኋላ ሾፌር መልእክት ልኬያለሁ፤ መልስ የለም። እኔ ደግሞ ዓይኔን ስጨፍን የማየው ቅጠል፣ ሰማይ፣ ቅጠል፣ ሰማይ ነው።

ስለዚህ አንባቢዎቼ፣ በሐረና ጫካ በኩል ወደ ዶሎ መና የምትወርዱ ካላችሁ፣ ሪራ ላይ ወርዳችሁ ከድር የሚባለውን ልጅ ጠይቁልኝ። አሸንፈሃል በሉት። ካሜራው ቁምሳጥኔ ውስጥ ተቆልፎበት ይጠብቀዋል፤ ሲመቸው ይምጣ። ልጄ የምትፈልገው ሰው እንዲያየው ነው። እኔ ግን የምጠይቃችሁ ከዚያ ያነሰ ነው፤ ከዛፉ በደህና ወርዶ እንደሆነ፣ እባካችሁ፣ አንድ ቃል ላኩብኝ።