ይሰፋል የተባለ ጫማ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ጫማ የምትገዙት ለማን ነው? «ለእግሬ ነዋ!» ብላችሁ ለመመለስ አትቸኩሉ። ጫማ ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የምታዩት ቀለሙን ነው፤ ቀጥሎ ሹልነቱን፤ ከዚያ መስታወት ፊት ቆማችሁ ሱሪያችሁን ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ሌላ ሰው ሲያያችሁ ምን እንደምትመስሉ ትገምታላችሁ። በዚህ ሁሉ መሃል እግራችሁን አስተያየት የጠየቀው የለም። ጣቶቻችሁ እዚያ ጨለማ ውስጥ ተደራርበው ሲጮሁ ሻጩ አንዲት ቃል ጣል ያደርጋል። «ይሰፋል!» እኔ ይህችን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል። በዕድሜዬ ሲሰፋ ያየሁት ጫማ የለም፤ የሚሰፋው ቁስሉ ነው።

እኔ እግረኛ ነኝ። ቤቴ ላፍቶ፣ መሥሪያ ቤቴ ጎፋ ነው። ጠዋት ጠዋት ለታክሲ ከመጋፋት በእግሬ መሄዱ ይሻለኛል ብዬ ከወሰንኩ ቆየሁ፤ እሑድ እሑድም በሀና ማርያም በኩል ዳገቱን እየወጣሁ ሳንባዬን አናፍሳለሁ። ስለዚህ ስለ ጫማ የምናገረው እግሬ ያስተማረኝን ነው። ጫማ የሚገዛው ከሰዓት በኋላ፣ እግር በመንገድ ብዛት አበጥ ካለ ወዲያ ነው። በወፍራም ካልሲ ይለካል። ተረከዝ እንዳይንሸራተት፣ ጣት ግን እንደልቡ እንዲንቀሳቀስ ሆኖ ይመረጣል፤ ቁልቁለት ላይ ጥፍር የሚነቅለው ፊቱ የጠበበ ጫማ ነው። ሶሉ በማስቲሽ የተለጠፈ ይሁን በክር የተያዘ ተገልብጦ ይታያል። ስትገለብጡበት ፊቱን የሚያጠቁር ሻጭ ካጋጠማችሁ ጫማውን አስቀምጡለትና ውጡ።

በዚህ ደንብ የመረጥኩት ከስክስ ነበር። ያ ጦሩ ሲበተን ገበያውን የሞላው፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚታሰረው የወታደር ጫማ። ሚሊተሪ ተራ ነው ያገኘሁት። ማን እንዳደረገው፣ የት የት እንደዋለበት አላውቅም፤ ሰውየው ካለ ያኑረው፣ ከሌለም ነፍሱን ይማረው፣ እግሩ ልክ የኔን ያህል ነበር። ቀለሙ ለቋል፣ አፍንጫው ተፍቋል፤ ግን ያን ሁሉ ክረምት በጭቃ ውስጥ ስንዞር አንድ ቀን ውኃ አላስገባብኝም። እንዲህ ያለ ታማኝነት ከዘመድም አላየሁም። ወደ ዘመዶቼ ልመጣ ነው።

ታላቅ እህቴ ዘነበች፣ ደረጀ የሚባል ልጅ አላት። ደረጀ ፉሪ አካባቢ ያስተምራል፤ እዚያው የምታስተምር ሌሊሴ የምትባል ልጅ ወዷል፤ ወዳዋለችም። የሌሊሴ አባት ኦቦ ገመቹ ፉሪን ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ ያረሱ፣ አሁንም ጤፋቸውን እየዘሩ ከተማው እየቀረባቸው ሲመጣ ወተት የሚሸጡ ሰው ናቸው። ለሥርዓት ደግሞ ቀናኢ ናቸው። ከሌላ ቤት የመጡ ሽማግሌዎችን «አንደኛው ቀልደኛ ነው» ብለው ሁለተኛ ደጃቸውን እንዳይረግጡ አድርገው መልሰዋል።

«ጋሼ፣ እሳቸው ዘንድ ሁለተኛ ዕድል የለም» አለኝ ደረጀ ለምኖኝ ሲወጣ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ጎልማሳ ወንድ ልጅ በፍቅር እንዲህ ሲሆን ማየት አንጀት ይበላል።

ሽማግሌ ተብለን የተመረጥነው ሦስት ነን፤ የንስሐ አባታችን አባ ተክሌ፣ የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ጥላሁን፣ እና እኔ። ተናጋሪው እኔ ነኝ። ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ባለው እሑድ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ፣ ጠዋት ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ ከስክሴን ጥብቅ አድርጌ አስሬ እህቴ ቤት ደረስኩ። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ታች ስትደርስ ቆመች።

«ምንድን ነው ያደረግከው?»

«ጫማ።»

«በከስክስ? ለልጄ ሚስት ልትጠይቅ፣ ዘበኛ መስለህ?»

«እትዬ፣ ከላፍቶ ወዲያ ታክሲ የለም፤ መንገዱ ሁሉ ዋልካ ነው እኮ።»

«የምትጠይቀው መንገዱን አይደለም፤ ልጅቷን ነው!»

እስከ ደጃቸው በከስክሴ ሄጄ እዚያ ስደርስ ልቀይር አልኳት። «ከዚያስ፣ ከስክሱን አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ ልትገባ ነው? ደግሞ መንገድ ላይ ያየህ ሰው ወሬውን ቀድሞህ ያደርሰዋል። ሽማግሌዎቹ አጥር ጥግ ጫማ ይቀያየራሉ እንዲባል ነው?» አለች። አባ ተክሌ ኮንጎ ጫማቸውን አጥልቀው ጥግ ላይ ጸሎታቸውን ያደርሳሉ፤ ቄስን ማንም «ምን አደረጉ?» አይልም። የኔ እህት ቁም ሣጥን ከፍታ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። የባሏ የሰርጉ ቀን ጫማ። ጥቁር፣ ሹል፣ ፊት የሚያሳይ። አማቼ አቶ መንገሻ በሁሉ ነገሩ ቁጥብ ሰው ነው፤ እግሩም ቁጥብ ነው። እግሬ ግማሽ ድረስ ገብቶ ተቀረቀረ።

«ጠበበኝ፣ እትዬ።»

«ይሰፋል!»

አማቼን ቀና ብዬ አየሁት። «ሰፍቶልህ ነበር?» አልኩት በዝግታ። «ከሰርጉ ቀን ወዲህ አላደረግኩትም» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ደረጀ በር ላይ ቆሞ ጥፍሩን ይበላል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ አጠለቅኩት።

ስለ መንገዱ ምን ልበላችሁ? እንቁላል እንኳ ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ጫማ ስላላደረገ ይመስለኛል። ዋልካው ከሶሉ ሥር እየተጠቀለለ በየእርምጃው ይከብዳል፤ ውስጥ ደግሞ ትንሿ ጣቴ ከጎረቤቷ ሥር ገብታ ቀርታለች። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ሲባል የሰማሁት ስለ ሰው ጠባይ ነበር፤ ለካስ ጫማም ይሆናል። አባ ተክሌ ኮንጎአቸውን በኩሬ ውኃ ለቅለቅ እያደረጉ ከፊት ይሸመጥጣሉ። እኔ በንዴት እነድዳለሁ። በእህቴ ተናደድኩ፤ የሰው እግር ሹል ነው ብሎ ባሰበው ጫማ ሠሪ ተናደድኩ፤ ከሁሉ በላይ በእኛ ተናደድኩ። ለሰው ዓይን ብለን የማንሸከመው መከራ ምን አለ? ቡፌ ውስጥ ተቆልፎ እንግዳ የሚጠብቅ ብርጭቆ እያለን እኛ በጣሳ እንጠጣለን። ከመንገድ የሚታየውን ግድግዳ ቀለም ቀብተን የጓሮው ጭቃ ይፈርስብናል። ሶፋ ገዝተን በአንሶላ ሸፍነን ዱካ ላይ እንቀመጣለን። ጨዋነት ይሉታል። እኔ ጅልነት ነው የምለው፤ ያን ቀን ደግሞ እየነደደኝ ስለነበር ከዚህ የባሰም ብዬዋለሁ፤ አባ ተክሌ ባይሰሙኝ ደግ ነው።

ኦቦ ገመቹ ደጅ ስንደርስ ጫማችንን በሣር ጠራርገን ገባን። ካፖርት ደርበው፣ ሁለት ወንድሞቻቸውን ግራና ቀኝ አቁመው ተቀበሉን። ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ፤ ሽማግሌ ጉዳዩ ተሰምቶ በጎ ቃል ሳያገኝ አይቀመጥም። «ተቀመጡ» ይባላል፣ «የለም፣ ቆመን እንናገራለን» ይላል። ቶሎ የተቀመጠ ጥያቄውን አቀለለው፣ ቤቱንም ናቀ ማለት ነው። እንግዳ ቆሞ ደግሞ ባለቤት አይቀመጥም። አባ ተክሌ ምርቃት ጀመሩ። ቤቱን መረቁ፣ ከብቱን መረቁ፣ ጤፉን መረቁ፤ ገና ወደ ዝናቡ አልደረሱም። ከቁርጭምጭሚቴ በታች እሳት ነው።

ምርቃቱ አልቆ «ኧረ ተቀመጡ» አሉ ኦቦ ገመቹ።

«የለም፣ የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አቶ ጥላሁን ደረታቸውን ነፍተው።

ተቀመጥኩ።

እመኑኝ፣ አስቤው አይደለም። መጀመሪያ የተቀመጠው እግሬ ነው፤ እኔ ተከተልኩት። አቶ ጥላሁን ሬሳ ያዩ መሰሉ። አንደኛው ወንድም ጉሮሮውን ጠረገ። የደረጀ እንባ ያቀረረ ዓይን ፊቴ ድቅን አለ፤ ልጁን በገዛ መቀመጫዬ ገደልኩት አልኩ፤ ግን ልነሳ ብልም አልቻልኩም። ኦቦ ገመቹ እኔን አዩኝ። ከዚያ ጫማዬን አዩ። ብዙ ጊዜ አዩ። ከዚያ ከሆዳቸው ረዥም ትንፋሽ አውጥተው ፊት ለፊቴ ያለው ወንበር ላይ ዘፍ አሉ።

«እፎይ!» አሉ።

ያኔ ነው የሳቸውን እግር ያየሁት። ቡናማ፣ አዲስ፣ ሹል። ክሩ እስከመጨረሻው ላልቷል፤ የእግራቸው ጀርባ በላዩ ተቆዝሯል።

«ሌሊሴ ናት» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የከተማ ሽማግሌ በቦቲ አትቀበልም ብላ ገዛችልኝ። ጠበበኝ ብላት…»

«ይሰፋል አለችዎት።»

እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ጎንበስ አልንና አራቱንም ጫማ አወለቅን። የልጃችንን ነገር በካልሲ ተቀምጬ ተናገርኩ፤ በካልሲ ተቀምጠው ሰሙኝ። ከዚያ ያማረ ንግግር አድርጌ አላውቅም። «ለሥርዓቱ ዘመድ ልጠይቅ፤ መስቀል ሲያልፍ ተመለሱ» አሉ ሲሸኙን። «እኔ በበኩሌ እሺ ብያለሁ። ስትመለሱ ግን በምትችሉት ጫማ ኑ።» የራሳቸውን ቦቲ አውሰውኝ፣ የአማቼን ጫማ በእጄ አንጠልጥዬ ዋልካውን እያፏጨሁ ተሻገርኩ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ንዴቴ በበረደልኝ ነበር። እህቴ ቤት ስንደርስ አቶ ጥላሁን አንዲት ነገር ብቻ ተናገሩ፤ «ኦቦ ገመቹ የሱን እግር ብዙ ጊዜ ተመለከቱና እሺ አሉ።» የመቀመጤን ነገር ለክብራቸው ሲሉ ዘለሉት። እልልታው ቀለጠ። «አላልኳችሁም? ጫማው ነው ያስከበረን!» አለች እህቴ፣ ቦቲውን ያጠለቅኩት ለጫማው ሳስቼ መስሏት። ይኸው እስከ ዛሬ በየለቅሶ ቤቱ፣ በየማኅበሩ ትናገራለች፤ እግሩን አይተው ነው ልጃቸውን የሰጡን ትላለች። ምን ብዬ አስተባብላለሁ? ውሸት አይደለማ! ጫማው እንደገና ተወልውሎ፣ ጋዜጣ ተጠቅጥቆበት ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል፤ የደረጀ ታናሽ ደግሞ አቃቂ በኩል አንዲት ልጅ አይቷል አሉ።

«ከስክሴስ?» ስላት፣ «ለሰፈሩ ዘበኛ ሰጠሁት፤ ዓይኔ ሁለተኛ እንዳያየው» አለችኝ፣ ውለታ እንደዋለ ሰው ቀና ብላ።

ዘበኛው ደምሴ አጠር ያለ፣ ደግ ሰው ነው። በዚያው ሰሞን፣ የእግሬ ቁስል ገና ሳይሽር፣ አንድ ጠዋት ዝናብ ሲያካፋ በር ላይ አገኘሁት። በእኔ ከስክስ ቆሟል፤ ሲራመድ ቀድሞ የሚነሳው ተረከዙ ነው፣ ጫማው በኋላ ይከተለዋል።

«ጫማው እንዴት ነው፣ ደምሴ?»

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፤ ትንሽ ሰፋኝ እንጂ።»

«አይዞህ፣ ይጠባል» አልኩትና እያነከስኩ ወደ ጎፋ ወረድኩ።