ክቡር ሚዛንና ሰባተኛው ዘፈን

በየከተማው ቢያንስ አንድ «የፊተኛው ይሻል ነበር» የሚል ሰው ይመደባል። ማን እንደሚመድበው አይታወቅም፤ ግን ቦታው አንድ ቀን እንኳ ክፍት ሆኖ አያድርም። አዲስ መንገድ ሲሠራ የድሮው አቧራ ይናፍቀዋል። አዲስ ሐኪም ሲመጣ፣ በፊተኛው ሐኪም እጅ የሞቱት እንኳ ደስ ብሏቸው እንደሞቱ ይነግራችኋል። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ምናልባትም አብራችሁት ምሳ ትበላላችሁ።

በዚህች ከተማ ኃላፊነቱን የተሸከሙት ክቡር ሚዛን ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው። «ሚዛን» ያላቸው ሰፈሩ ነው፤ «ክቡር»ን የጨመሩበት ደግሞ በብዕራቸው የተወጉ ሙዚቀኞች ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጋዜጣ አራሚ ሆነው የሰው ስህተት እየለቀሙ ቤተሰብ ያስተዳደሩ ሰው ናቸው። ሁለተኛ ልጃቸው የተወለደች ዕለት አልጋው አጠገብ ቆመው፣ አይተው አይተው፣ «ጥሩ ናት፤ የፊተኛዋ ግን...» ማለታቸውና ባለቤታቸው የቀረውን በትራስ እንዳስዋጧቸው ይወራል።

የሙዚቃ ዓምዱን የያዙት ከስድስት ዓመት በፊት ነው። የቀድሞው ጸሐፊ ድንገት ሥራ ሲለቅ፣ ዋና አዘጋጁ ኮሪደር ላይ ያገኛቸውን የመጀመሪያ ሰው «ለአንድ ሳምንት ያዙልኝ» አላቸው። ያ ሳምንት እስካሁን አላለቀም።

ከዚያ ወዲህ አርብ አርብ የሚዝናኑት በአንድ ባንድ ነው። ባንዱ «የኋላ በር» ይባላል፤ አሳታሚ የሌለው፣ አስተዋዋቂ የሌለው፣ ዘመድም እምብዛም የሌለው የሮክ ባንድ ነው። ግጥምና ዜማ የምትደርሰው፣ ጊታር የምትመታውና የምትዘፍነው በመነጽር ቤት ሌንስ የምትሞርድ ልጅ ናት። ከበሮ የሚመታው አንድ ጎማ ጠጋኝ ነው። ቤዝ ጊታሩን የያዘው የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ሲጫወት ካርታ የጠፋው ሰው ይመስላል።

ልምምዳቸው እሑድ ጠዋት በጎማ ጠጋኙ ሱቅ ውስጥ ነው። ክቡር ሚዛንም ሳይጠሯቸው አቤት ብለው ይመጣሉ። «ሃያሲ ምግቡን የሚቀምሰው ከድስቱ ነው» ይሉና ተደራርበው በተቀመጡ ሦስት ጎማዎች ላይ ይሰየማሉ። ጋዜጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ አንገታቸውን ሰብረው፣ ያጉረመርማሉ። ባንዱ አንድ ዘፈን ሁለት ጊዜ ከደገመ «የቅድሙ ይሻል ነበር»። ሦስት ጊዜ ከደገመ «ኧረ የቅድም ቅድሙ!» የመጀመሪያው አልበም ሲወጣ ደግሞ ከእሱ የሚቀድም አልበም ስላልነበረ ችግር ላይ ይወድቃሉ ተብሎ ነበር። ምን ሲደረግ! «ልምምዱ ይሻል ነበር» ብለው ጻፉ።

ሁለተኛው አልበም ሊቀዳ ሲል መነጽር ሠሪዋ ጓደኞቿን ሰብስባ ቁርጡን ነገረቻቸው።

«እኔ ጭብጨባ አልፈልግም» አለች። «አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ከልቡ ይስማው። እሱም ካልተገኘ ጊታሬን አስቀምጬ ሌንሴን እሞርዳለሁ።»

«እናትሽስ?» አለ መምህሩ።

«እናቴ የምትሰማው እኔን ነው እንጂ ዘፈኑን አይደለም።»

ቀረጻው እዚያው ጎማ ቤት ሆነ። ከሁለቱ ማይኮች አንዱ ከጣሪያው ላይ ተንጠለጠለ፤ ሌላ መስቀያ ስላልነበረ ከጎማዎቹ በላይ፣ ማለትም ከክቡርነታቸው ራስ በላይ። እንግዳ ቢሆኑ ኖሮ ወዲያው ይያዙ ነበር። የሦስቱ ጆሮ ግን ያንን ማጉረምረም ስድስት ዓመት ሰምቶት እንደ ማራገቢያ ድምፅ ለምዶታል። ሲቀዱ አልሰሙትም። ሲያቀናብሩ አልሰሙትም። ሦስት ሳምንት ሙሉ በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ፣ በሰባተኛው ዘፈን መካከል አንድ ሽማግሌ ሲያስል፣ ጎማ ላይ ሲገላበጥና «ኧረ የፊተኛው...» ሲል አልሰሙትም።

አልበሙ ወጣ፤ አስተያየቱም ጎረፈ። የሬዲዮው አቅራቢ «ታላቅ እድገት! ታላቅ እድገት!» ብሎ የመጀመሪያውን ዘፈን የመጀመሪያ ደቂቃ ካሰማ በኋላ ወደ አየር ሁኔታ አለፈ። አንድ የኢንተርኔት ገጽ የባንዱን የዋሽንት አጨዋወት አደነቀ። ባንዱ ዋሽንት የለውም። ሌላ ገጽም ዋሽንቱን አደነቀ፤ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች።

የመጽሔቱ ተንታኝ ግን ከሁሉም ላቀ። ሁለት ገጽ ሙሉ የጻፈው ስለ ሰባተኛው ዘፈን ነው፤ ስለ ዘፈኑ ሳይሆን ስለ ሳሉ። «ከሙዚቃው ጀርባ የሚያጉረመርመው አዛውንት፣» አለ፣ «የትውልዱ ሕሊና ነው። እዚህ ደፋር ምርጫ ላይ ለመድረስ ባንዱ ስንት ሌሊት እንዳሰበ መገመት አያዳግትም።»

ጎማ ጠጋኙ ይህን ሲያነብ መፍቻው ከእጁ ወደቀ። ዘፈኑን ከፈቱት፤ አሁን ገና ሰሙት።

«ስሚኝማ እህቴ!» አለ እንባው እየፈሰሰ። «የትውልዱ ሕሊና ለካ ጎማዬ ላይ ተቀምጦ ነው የከረመው!»

«ሕሊና መሆናቸውን ብናውቅ ትራስ እናቀርብላቸው ነበር» አለ መምህሩ።

መነጽር ሠሪዋ አልሳቀችም። ሰባተኛው ዘፈን ስለ አባቷ ነበር። ማዕድ ላይ ዝም ስለሚል፣ ቴሌቪዥን እያየ ዝም ስለሚል፣ ልጁ ስትዘፍንም ዝም ስለሚል አባት። ከአሥሩ ዘፈኖች ሁሉ እንዲሰማላት የፈለገችው ይህንን ነበር። አሁን ከተማው ሁሉ ያንን ዘፈን ከፍቶ ሳሉን ይጠብቃል፤ ሳሉ ሲያልፍ ይዘጋዋል።

«እስከ አርብ እጠብቃለሁ» አለች። «ከዚያ በቃኝ።»

አርብ የክቡር ሚዛን ዓምድ ወጣ። ርዕሱ «የፊተኛው ይሻል ነበር» ይላል፤ ማንም አልደነገጠም። መምህሩ በክፍል ድምፁ አነበበው፦ «በሰባተኛው ዘፈን ላይ የሚያጉረመርመውን ስድ ሽማግሌ አላውቀውም፤ ላውቀውም አልሻም። ሙዚቃ እየተሰማ አፉን መዝጋት ያልቻለን ሰው በር ላይ የሚያስቀር አንድ ጨዋ ጠፋ? ዘፈኑን ገደለው!»

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል ሰምተው ያውቃሉ፤ አብዬ ራሳቸውን ሲያኩ ያዩት ግን ያኔ ነው። ሰው የራሱን ድምፅ ከውጭ ሲሰማው አያውቀውም ይባላል፤ ክቡርነታቸው አለማወቃቸው ሳያንስ ተጣሉትም።

መነጽር ሠሪዋ የዚያን ዕለት ምሳ ሳትበላ ወደ ጋዜጣው ቢሮ ሄደች። ዘፈኑን በስልኳ ይዛለች። አሳቧን ጨርሳለች፤ ጆሯቸው ሥር ከፍታ፣ «ስዱ ሽማግሌ እርስዎ ነዎት» ብላ፣ በሩን በኃይል ዘግታ ትወጣለች። ከዚያ ሌንስ።

የአራሚዎቹ ክፍል መስኮት የለውም። ክቡር ሚዛን በወረቀት ክምር መሐል፣ ቀይ እስክሪብቶ ጆሯቸው ላይ፣ ሌላ ቀይ እስክሪብቶ እጃቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?»

ቀና አላሉም። «አንቺ ነሽ? ልትሰድቢኝ ከሆነ አሳጥሪው። ገጽ አራት ይጠብቀኛል።»

«የሚያጉረመርመውን ሰውዬ ላስተዋውቅዎ ነው የመጣሁት።»

«አልፈልግም አልኩ እኮ! እንዲህ ያለውን ሰው ምን ብዬ እጨብጠዋለሁ? አሳዳጊ የበደለው!» እስክሪብቷቸውን ወረወሩ። «ይልቅ እሱን ተይውና ይሄን ንገሪኝ።»

ከመሳቢያቸው ወረቀቶች አወጡ። ለእያንዳንዱ ዘፈን አንድ ገጽ፣ በእያንዳንዱ ገጽ ደቂቃና ሰከንድ በቀይ ተጽፏል። «እዚህ ከበሮው ቸኮለ።» «እዚህ ላይ ቤዙ ተኝቷል፤ ይቀስቀስ።» በየገጹ ጥግ ላይ ትናንሽ ጭረቶች አሉ፤ አንድ ጊዜ በሰሙ ቁጥር አንድ ጭረት። አራት፣ አራት፣ አምስት። የሰባተኛው ዘፈን ገጽ ላይ አሥራ ዘጠኝ።

«ሁለት ደቂቃ ከአርባ ላይ» አሉ፣ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ ተክለው። «ልምምድ ላይ ‹ዝም› የሚለው ቃል ጋ ስትደርሺ ሁልጊዜ ድምፅሽን ታወርጂ ነበር። አልበሙ ላይ ወጣሽ። ያ ጋጠወጥ ሰውዬ ሸፈነብኝ እንጂ ወጥተሻል። ስህተት ነው እንዳልል፣ ስህተት እንዲህ ቀጥ ብሎ አይወጣም። ለምን ወጣሽ?»

ስልኩ እጇ ውስጥ እንዳለ ቀረ።

ይህን የሬዲዮው አቅራቢ አልጠየቃትም። ተንታኙ አልጠየቃትም። ጎማ ጠጋኙና መምህሩም፣ አጠገቧ ሆነው እየመቱ፣ አልሰሙትም። ወንበር ሳበች።

«ከቀረጻው በፊት የነበረው ማታ፣» አለች፣ «ቤት ውስጥ ስለማመድ፣ አባቴ ቴሌቪዥኑን ቀነሰው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምንም። ምንም አላለም። ቀነሰው ብቻ። ጠዋት ስንቀዳ ያ ቃል ላይ ስደርስ... መውረድ አቃተኝ። ውሸት መሰለኝ።»

በሩ ተከፈተና የገጽ አቀናባሪዋ ብቅ አለች። «ጋሼ፣ ገጽ አራት! ማተሚያ ቤቱ እየጮኸ ነው!»

«ይጠብቅ!» አሉ ክቡር ሚዛን።

አቀናባሪዋ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። እኒህ ሰው በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለሠርጋቸው ቀን እንኳ ገጽ አስጠብቀው አያውቁም።

ልጅቷ ጨርሳ እስክትነግራቸው አላቋረጧትም፤ አላጉረመረሙም፤ አላሳሉም። ስታበቃ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። ጠረጋው ከሚገባው በላይ ረዘመ። ከዚያ መልሰው አጠለቁና ፊታቸውን አኮሳተሩ።

«ታዲያ የቴሌቪዥኑ ነገር ዘፈኑ ውስጥ የታለ?»

«የለም።»

«ለምን የለም? እኔ ጠንቋይ ነኝ? ሰው ሁሉ እዚህ ድረስ መጥቶ ይጠይቅሽ? ዋናውን ነገር ቤትሽ ቆልፈሽ መጥተሽ ትርፍራፊውን ትዘፍኚልኛለሽ!»

በሩን በኃይል የመዝጋቱ ዕቅድ ግን አልተሰረዘም። ዘግታው ወጣች። ንዴቷ አውቶቡሱ ላይ አብሯት ተሳፈረ፤ ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ከቦርሳዋ የመነጽር ማዘዣ ወረቀት አወጣች፤ አምስተኛው ላይ በጀርባው አራት መስመር ጽፋ ነበር። መውረጃዋን አልፋ ሄደች።

እሑድ ጠዋት ጎማ ጠጋኙ በሹክሹክታ ያዛት። «በይ ንገሪኝ፤ ነገርሻቸው? ፊታቸው ምን መሰለ?»

«አልነገርኳቸውም።»

«እንግዲያውስ እኔ እነግራቸዋለሁ! እንዲህ ያለ ነገር ታፍኖ ይቀራል?»

«ትንፍሽ ብትል፣» አለች ጊታሯን እየቃኘች፣ «ያን አፍህን በራስህ ሙጫ ነው የምለጥፈው።»

«ምነው ምን አደረግኩ?»

«ከነገርካቸው ያፍራሉ። ካፈሩ አይመጡም።» አንገቷን ወደ በሩ መለሰች። ሰዓቱ ሦስት ሆኖ አልፏል፤ እሳቸው ገና አልደረሱም። «ትንሽ እንጠብቃቸው» አለች።