የገሳዩ ለቅሶ

ማለዳ ቤተ ክርስቲያን መሳለም። ላም ማለብ። ስንዴ ማጨድ። የታመመ መጠየቅ። የጎረቤት ልጅ እጮኛን መመርመር።

በደብረ ታቦር ዙሪያ ማንም ያልሾመው መርማሪ የሌለበት መንደር የለም። በዚህኛው መንደር ሥልጣኑን የያዙት ክብርት ወይዘሮ ፈንታነሽ ናቸው። ሕጋቸውም አንድ ነው፤ «ሽማግሌ የማይልክ ወንድ የሚደብቀው አለው።»

ጎረቤታቸው መምህርት ጽጌ ግን በስልክ የተዋወቀችውን ዳኛቸውን ተከትላ ባሕር ዳር ልትገባ ቆርጣለች። የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤዋን ጽፋ ጨርሳለች፤ የቀራት ማስገባት ብቻ ነው።

ወይዘሮ ፈንታነሽ የሰውየውን ፎቶግራፍ ሲያዩ ደማቸው ፈላ።

«ይህ ትከሻው ላይ ያረፈው ባለ ቀለበት እጅ የማን ነው?»

«የእኅቱ ነው፣ እትዬ።»

«እሑድ እሑድ ስልኩ ለምን ይዘጋል?»

«ኔትወርክ የለም።»

«ኔትወርኩም እንደኛ ሰንበት ያከብራል በይኛ! ሽማግሌስ?»

«አባቱ ጋሼ መልካሙ በቅርቡ ሞተውበት እኮ ነው። አገራቸው ገሳይ ነው የተቀበሩት። ኀዘን ላይ ሆኖ እንዴት ይላክ?»

ወይዘሮዋ ብድግ አሉ። «ታዲያ ለቅሶ ሳንደርስ? ምን ዓይነት ነውር ነው!»

ዳኛቸው ሲዋሽ ሁሉን አስቦ ነበር፤ በዚህ አገር ሰው ገድሎ ለቀስተኛን ማስቀረት እንደማይቻል ግን ዘነጋ።

በማግስቱ ወይዘሮ ፈንታነሽ የደረሰ ስንዴያቸውን ማሳ ላይ ጥለው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ዳቦ በአገልግል ይዘው ገሳይ ወረዱ። ቤቱን ጠይቀው አገኙና ከደጃፉ ዋይታቸውን ለቀቁት። አንድ ሽማግሌ በሬ እየጎተቱ፣ ደንግጠው ብቅ አሉ።

«ኧረ ምነው፣ እኅቴ! ማን ሞተ?»

«መልካሙ!»

«መልካሙማ እኔ ነኝ!»

ከኋላቸው ሕፃን ያዘለች ወጣት ሴት ቆማለች፤ ጣቷ ላይ ቀለበት አለ። ወይዘሮ ፈንታነሽ እንባቸውን ጠርገው ለጽጌ ደወሉ። «እንኪ፣ ሟቹን አነጋግሪያቸው» ብለው ስልኩን አቀበሏቸው።

ሽማግሌው ነገሩን ከጽጌ ሰምተው ስልኩን ጠበቅ አድርገው ያዙ። «ሕያው ነኝ፣ ልጄ። የዳኛቸው ሚስትም፣ የልጅ ልጄም ሕያዋን ናቸው።»

ወላጅ አባቱን በቁሙ የቀበረ ሰው ሚስቱን ለመካድ ምን ይቸግረዋል? እንዲህ ያለውን ሰው ነው «ዘመናዊ» የምንለው!

ጽጌ ደብዳቤዋን ቀደደች። ከኀፍረት የተነሣ ሦስት ቀን ከቤት ወደ ትምህርት ቤት አንገቷን ደፍታ ተመላለሰች፤ የወይዘሮ ፈንታነሽንም ደጅ አልረገጠችም። ሐሙስ ግን ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ፣ ጎሕ ሲቀድ ማጭድ ይዛ በወይዘሮዋ ማሳ ላይ ተገኘች።

«የጠመኔ እጅ ነው፤ ይላጥብሻል» አሏት።

«ይላጥ። ስለኔ የባከነብዎት የአጨዳ ቀን ነው፤ ወንፈል ነው፣ ቀን በቀን ይመለሳል።»

«የሚቀጥለውንም መመርመሬ አይቀርም!»

«እርስዎ ሳይመረምሩትማ ስልኩንም አላነሣለት፣ እትዬ።»

ወይዘሮዋ ሣቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የመጨረሻው ነዶ ታሰረ። ጽጌ የአንድ ቀን የወንፈል ዕዳዋን በሙሉ ከፈለች።