አረም የሚዳብሰው ሽማግሌ

ዕፅዋትን በየቤተሰባቸው መለየት ከተማረ ሰው ጋር መንገድ ሄደው ያውቃሉ? እኔ ሄጃለሁ። ደሴ ፒያሳ ጨርቅ የሚሸጠው ጓደኛዬ ሰይድ ይህን ከተማረ ወዲህ ከደሴ ኮምቦልቻ ስንወርድ ሚኒባሱ በቆመ ቁጥር ወርዶ አረም ይዳብሳል። "ግንዱ ባለ አራት ማዕዘን፣ ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ፣ ሽታው ደስ የሚል ከሆነ፣ ወላሂ የጦስኝና የበሶብላ ዘመድ ነው" ይላል፣ የአጎቱን ልጅ ያገኘ ይመስል እየሳቀ።

ባለፈው ለወንድሜ ልጅ ሚስት ልንጠይቅ ሽማግሌ ሆነን ኩታበር ሄድን። የልጅቷ አባት ሸህ ይመር ፊታቸውን ቋጥረው "ልጄ ገና ናት" አሉን። እኛ እንደ ወጉ ቆመን እንማጸናለን። ሰይድ ግን አጥሩ ሥር ያየውን አረም ሊዳብስ በሁለት ጉልበቱ ተንበርክኳል።

ሸህ ይመር ሲያዩት ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"እኒህን የመሰሉ ሽበታም ሰው ተንበርክከው እየለመኑኝ እንዴት እምቢ እላለሁ? ሰጥቻለሁ፤ ይነሱ በሏቸው።"

ሰይድ የት ሰምቶ፤ የአበባውን ቅጠል እየቆጠረ ነበር።

በሰርጉ ቀን ደግሞ ሸህ ይመር ሰይድን ከድንኳኑ ጀርባ ተንበርክኮ አገኙት። መጥተው እጄን ያዙና በጭንቀት ጠየቁኝ፦

"ምነው፣ አሁን ደግሞ ታናሺቱን ነው?"