ነጥብ በቅርጫ የተከፈለበት የደብረ ማርቆስ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.። ሰብሳቢው «የፋሽስት ዘመን ፲፯ኛ ዓመት» የሚል ይጨመር ስላሉ ተጨምሯል። መሪጌታ ዋኘው ይህ ዘመን የማን እንደሆነ ጠይቀዋል።

ቦታ፦ ደብረ ማርቆስ፣ ከጣልያን ምሽግ ዝቅ ብሎ፣ ባለቤቱ ዱር ስለገቡ ለመንግሥት ሥራ በተያዘው ቤት።

የተገኙ፦
ግራዝማች ቢተው፣ ሰብሳቢ። ግራዝማችነቱን አምና ከጣልያኑ ካፒቴን ተቀብለዋል። የተማሪው የአምባዬ አባት ናቸው።
ባላምባራስ ፈንታ፣ አባል። በሰፈሩ ቅርጫ በታረደ ቁጥር ሥጋውን የሚመድቡ እሳቸው ናቸው። በትምህርት ቤቱ የወንድማቸው ልጅ አለ።
አቶ እንዳላማው፣ አባልና አስተርጓሚ። ጣልያንኛውን የለመዱት ከምሽጉ ወጥ ቤት ነው።
መሪጌታ ዋኘው፣ አባል። የቅኔ መምህር ናቸው። ለምን እንደተመረጡ እሳቸውም አያውቁም።
ድረስ፣ ጸሐፊ።

ያልተገኙ፦ አቶ ስማቸው። ከተመረጡ ወዲህ አንድ ቀን መጥተው አያውቁም። ሆኖም ግራዝማች የአቶ ስማቸውን ሐሳብ አስቀድመው እንደሚያውቁትና ከራሳቸው ሐሳብ ጋር አንድ መሆኑን ስላረጋገጡ፣ ድምፅ ሲሰጥ እንዲቆጠሩ ተስማምተን ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል። ስብሰባው በሦስት ሰዓት ተጀመረ።

አጀንዳ ፩፦ የካፒቴኑን ትእዛዝ ስለ መረዳት

አቶ እንዳላማው ትእዛዙን ተረጎሙ። በመንግሥት ትምህርት ቤት አሥራ ሁለት ተማሪዎች አሉ። እያንዳንዱ በጣልያንኛ፣ በቁጥር፣ በመዝሙርና በጠባይ ከአሥር ነጥብ ተሰጥቶታል። ይህ ጉባኤ የየልጁን ነጥብ ደምሮ ለአራት ያካፍልና አማካዩን ያወጣል። ስድስትና ከዚያ በላይ ያገኘ በትምህርቱ ይቀጥላል። ከስድስት በታች የሆነ ወደ ደምበጫ በሚሄደው መንገድ ድንጋይ ይፈልጣል። የምሽጉ ዘብ ቁጥር ማንበብ ስለሚያደክመው በየልጁ የይለፍ ወረቀት ላይ አንድ ፊደል ይጻፍለት ተብሏል።

ግራዝማች የልጃቸውን ነጥብ ጠየቁ። ጣልያንኛ ሁለት፣ ቁጥር አንድ፣ መዝሙር አራት፣ ጠባይ አሥር መሆኑ ተነገራቸው። አማካዩ አራት ከሩብ ነው። ግራዝማች የጠባዩ አሥር ብቻውን ለምን እንደማይበቃ ጠየቁ። አቶ እንዳላማው እሳቸውም ይህንኑ ካፒቴኑን ጠይቀው እንደነበርና መልሱ ለቃለ ጉባኤ የማይሆን ስድብ እንደነበር ገለጹ።

ከዚያ ሰብሳቢው «መደመርና ማካፈል» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ይብራራ አሉ። አቶ እንዳላማው ያለውን ሁሉ አንድ ላይ ከምሮ እኩል እኩል ማድረግ ነው አሉ። ባላምባራስ ፈንታ ከተቀመጡበት ተነሡ። «ይኸማ ቅርጫ ነው!» አሉ። ፈረንጅ ይህን ያህል ወረቀት ያባከነው እሳቸው በየፋሲካው በቢላዋ ለሚጨርሱት ሥራ መሆኑ እንዳስገረማቸው ተናገሩ። ከዚያም የአሥራ ሁለቱ ልጆች ነጥብ በአንድነት ይከመር፣ በአሥራ ሁለት መደብ ይከፈል፣ ማንም ማንንም አይብለጥ የሚል ሐሳብ አቀረቡ።

መሪጌታ ዋኘው የሚካፈለው የየልጁ ነጥብ ለየራሱ እንጂ የሁሉም ለሁሉም እንዳልሆነ አስረዱ። ዕውቀት የጎረቤት በሬ አይደለም አሉ። ባላምባራስ መሪጌታ ከቅርጫ የሚደርሳቸውን ሁልጊዜ በነጻ ስለሚበሉ ስለ አከፋፈል የመናገር መብት የላቸውም አሉ። መሪጌታም ስለ መብላት ከተነሣ ብዙ የሚሉት እንዳላቸው ገልጸው፣ ጉባኤው እንዲያቆዩት ለምኗቸዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ነጥብ በቅርጫ እንዲከፈል በአንድ ተቃውሞ ተወሰነ።

አጀንዳ ፪፦ መደቡን ስለ ማውጣት

የሁሉም ነጥብ ሲደመር ሁለት መቶ ስልሳ አራት ሆነ። ለአሥራ ሁለት ሲካፈል ለያንዳንዱ ሃያ ሁለት ደረሰው። ይህ ለአራት ሲካፈል አምስት ተኩል ነው። ግራዝማች ከአራት ከሩብ ወደ አምስት ተኩል መሻገሩን ሰምተው ባላምባራስን መረቁ። ምርቃቱ ሳያልቅ መሪጌታ የማለፊያው ነጥብ ስድስት መሆኑን አስታወሱ። በጉባኤው ፈቃድ አሥራ ሁለቱም ልጆች ድንጋይ ፈላጭ ሆነው መገኘታቸው ታወቀ። በራሳቸው ማለፍ ይችሉ የነበሩትም አብረው ወደቁ።

ባላምባራስ በሬው ቀጭን ሲሆን ከአባላቱ አንዱን መቀነስ ልማድ ነው አሉ። ለአሥራ አንድ ቢካፈል ለያንዳንዱ ሃያ አራት እንደሚደርስና አማካዩ ልክ ስድስት እንደሚሆን በጣታቸው አሳዩ። ማን ይቀነስ የሚለው ብዙ ጊዜ አልወሰደም። በጠባይ ዜሮ ያገኘው አንሙት ብቻ ስለሆነ አንሙት ይቀነስ ተባለ።

ጸሐፊው የአንሙት ነጥብ በጣልያንኛ ዘጠኝ፣ በቁጥር አሥር፣ በመዝሙር ዘጠኝ፣ በድምሩ ሃያ ስምንት እንደሆነና ከክፍሉ አንደኛ እንደሚያደርገው አነበበ። እሱ ከወጣ ሃያ ስምንቱም አብሮ ይወጣልን ብሎ ጠየቀ። ግራዝማች ቢተው የሰጡት መልስ እንዳለ ተመዝግቧል፦ «በሬው እዚሁ ይቅር፣ ባለበሬው ይውጣ።»

ጸሐፊው በዚህ ጊዜ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጡ አሳፍሮታል። ይህ አረፍተ ነገር እንዲሰረዝ ታዟል፤ አልተሰረዘም።

አጀንዳ ፫፦ የወይዘሮ ሥራነሽ አቤቱታ

የአንሙት እናት ወይዘሮ ሥራነሽ ከደብረ ኤልያስ በእግራቸው መጥተው ከደጅ ቆመው ስለነበር እንዲገቡ ተፈቀደ። ግራዝማች ልጃቸው በየጠዋቱ ባንዲራው ሲሰቀል እጁን ስለማያነሣ ዜሮ ማግኘቱን ነገሯቸው። ወይዘሮ ሥራነሽ ቃላቸው ቃል በቃል እንዲጻፍ ጠየቁ፤ ተጽፏል።

«አባቱን አምና ዓባይ በረሃ መንገድ ስታሠሩት ቋጥኝ በላው። አስከሬኑን እንኳ አልሰጣችሁኝም። ልጁ ለገዳዮቹ እጁን ያንሣ? እጁን አላነሣም እንጂ ሌላውን ሁሉ ጠንቅቆ ተምሯል። ዜሮውን ቆጥራችሁ ሰባት ይደርሰዋል ብለውኛል። ሰባቱን ስጡትና ከመንገዱ ይቅርልኝ። ሌላ አልለምንም፤ ያለኝ አንድ ልጅ ነው።»

ባላምባራስ ነጥቡ ተከፍሎ ስላለቀ የሚመለስ እንደሌለ ነገሯቸው። ወይዘሮ ሥራነሽ ለማን እንደተከፈለ ጠየቁ። ግራዝማች ይህ ከአጀንዳው ውጭ ነው አሉ። መሪጌታ ዋኘው «ለአምባዬ» ብለው መለሱላቸው። ወይዘሮ ሥራነሽም ግራዝማችን አይተው ወጡ።

አጀንዳ ፬፦ ስለ ፊደል

እኩል ነጥብ ላለው እኩል ፊደል ይገባዋል ተብሎ ለአሥራ አንዱ ሁሉ ሀ ተሰጠ። መሪጌታ ስድስት ሀ ከሆነ ሰባት ምን ሊባል ነው ብለው ጠይቀው ሰባት ያመጣ የለም ተባሉ። እሳቸውም ያመጣው ስለተቀነሰ ነው አሉ። ለአንሙት የመጨረሻው ፊደል ፐ ተሰጠ። ባላምባራስ ከዚያ ወዲያ ፊደል አለመኖሩ እንዳሳዘናቸው ተመዝግቧል። አቶ እንዳላማው ውጤቱን ይዘው ወደ ምሽጉ ሄዱ። ጉባኤው ለምሳ ተበተነ።

አጀንዳ ፭፦ ከምሽጉ ስለ መጣው መልስ

ከቀትር በኋላ አቶ እንዳላማው ተመልሰው መጡ። ካፒቴኑ አሥራ አንድ ሰው እንዴት እኩል ስድስት ያመጣል ብሎ እንደጠየቀ፣ እሳቸውም ቅርጫን በጣልያንኛ ሊያስረዱ ሞክረው በሬ ከሚለው ቃል አልፈው መሄድ እንዳልቻሉ ተናገሩ። ካፒቴኑ ሥቆ ግድ የለም ብሏል። ክረምት ሳይገባ መንገዱ ማለቅ ስላለበት ከሰኞ ጀምሮ ከትምህርት ቤቱ የአሥራ ሁለት ሰው ድንጋይ ይፈለጣል፤ ያለፈም የወደቀም ይወጣል፤ የቀረ ቢኖር የሱን ድርሻ የተገኙት ይፈልጡታል ብሏል። አቶ እንዳላማው ታዲያ ነጥቡ ለምን አስፈለገ ብለው ጠይቀው ነበር። ሮማ ለሚላከው ወረቀት ነው ተብለዋል።

ግራዝማች ቢተው ሹመት ያለው ሰው ልጅም ይጨምራል ወይ ብለው ጠየቁ። ይጨምራል ተባለ። መሪጌታ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ብለው ተረቱ። ተረቱ ከአጀንዳ ውጭ መሆኑ ተነግሯቸው እንደገና ተረቱት።

ወዲያው ሁለት ወታደሮች ወይዘሮ ሥራነሽን ይዘው ገቡ። ወታደሮቹ አንሙትን ለሰኞ ሊመዘግቡ ወደ ማደሪያው ቢሄዱ አጥተውታል። ግራዝማች የት እንዳለ እንዲናገሩ አዘዟቸው። እሳቸውም ከጉባኤው ሲወጡ ልጃቸውን አግኝተው የሆነውን እንደነገሩት፣ እሱም ጉልበታቸውን ስሞ እንደሄደ አስረዱ። ወዴት ሲባሉ፣ በይለፍ ወረቀት ላይ ፊደል የሚፈልግ ዘብ ወደሌለበት ነው አሉ።

ግራዝማች በዚህ ጊዜ ድምፃቸው ተለወጠ። አንቺ ማለታቸውን ትተው እርስዎ አሉ። አምባዬ ደካማ እንደሆነ፣ ድንጋይ ቀርቶ ውኃ እንኳ ተሸክሞ እንደማያውቅ ተናገሩ። አንሙት ይመለስ እንጂ ሰባቱም፣ ሀውም እንደሚሰጠው በታቦት ማሉ። አለቀሱም። እናት እናትን ታውቃለች፣ አባትም እንደዚያው ነው፣ ይዘኑልኝ አሉ።

የወይዘሮ ሥራነሽ መልስ ይህ ነው፦ «ግራዝማች፣ የልጄን ነጥብ ለልጅዎ አካፍለውለታል። ድንጋዩንም ይካፈልለት።»

ወታደሮቹ አማርኛ ስለማያውቁ ምን እንዳለች ጠየቁ። አቶ እንዳላማው ልጇ የት እንዳለ አታውቅም ብለው ተረጎሙላቸው፤ ወታደሮቹም ወይዘሮዋን ለቀቋቸው። አቶ እንዳላማው በዚህ ስብሰባ የሠሩት በጎ ነገር ይኸው አንዱ ነው።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ከረጅም ውይይት በኋላ ነጥብ በቅርጫ እንዲከፈል የተወሰነው ተሽሯል። አንሙት ከመደቡ እንዲወጣ የተወሰነው ተሽሯል። ሀ እና ፐ ተነሥተዋል። አማካይ የሚባለውን ነገር ጉባኤው እንዳልሰማው ይቆጠራል። ባላምባራስ ፈንታ ቅርጫ የሚለውን ቃል ማን እንዳነሣው እንደማያስታውሱ እንዲመዘገብላቸው ጠይቀዋል። በመጨረሻም ግራዝማች የድንጋዩ ሥራ አብሮ ይሻር የሚል ሐሳብ አቀረቡ። መሪጌታ ዋኘውም ሳይቀሩ እጃቸውን አነሡና ሐሳቡ ያለ ተቃውሞ አለፈ። ይህን ለካፒቴኑ የሚነግር ሰው ተጠይቆ አልተገኘም። ስብሰባው በአሥራ አንድ ሰዓት ተዘጋ፤ ግራዝማች ለአምባዬ መዶሻ የሚያውሳቸው ሰው ፍለጋ ወጡ።